ወንበሩ ልብስ ከመልበሱ በፊት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች አራት ናቸው፤ ሁሉም የሚጠይቁት ስለ አንድ ዓይነት ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የተሠሩ፣ እግራቸው ወደ ታች እየቀጠነ የሚወርድ፣ ክንዳቸው ባዶ እንጨት የሆነ ወንበሮች።

ከባሕር ዳር፦ «ከአባቴ የወረስኳቸው ሁለት የዴንማርክ ወንበሮች አሉኝ። እንጨታቸው ደህና ነው፤ ሲቀመጡባቸው ግን ወደ ታች ይሰምጣሉ። ሶፋ ቤት ስጠይቅ ሥራቸውን በኮምፔንሳቶ ዘግተን፣ አዲስ ስፖንጅ አስገብተን ሌዘር እናለብስልሻለን አሉኝ። የጠሩት ዋጋ አዲስ ሶፋ ይገዛል። የሚረክስበት መንገድ ይኖራል?»

ይኖራል። መጀመሪያ ግን ኮምፔንሳቶውን እምቢ ይበሉ። ትራሱን አንስተው ሥሩን ይመልከቱ፤ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው የላስቲክ ቺንጋዎች ሳያገኙ አይቀሩም። ጫፋቸው በብረት መንከሻ ተይዞ በአግዳሚው እንጨት ላይ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ይገባል። ወንበሩ የሰመጠው በዚህ ምክንያት ነው። ላስቲክ ከዓመታት ብዛት ይደርቃል፤ ከተለጠጠም አይመለስም። አንዱን ቺንጋ አጠፍ አድርገው ይዩት፤ ጀርባው ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ መስመር ከታየ ሁሉንም ይቀይሩ። የተበጠሰውን ብቻ መቀየር አያዋጣም፤ አዲሱ ወጥሮ አሮጌው ሲላላ ትራሱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ኮምፔንሳቶ ሲገባ ደግሞ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው ስፖንጁ ብቻ ስለሚሆን ቶሎ ይደቃል።

አለካኩ ቀላል ነው። ከቦይ እስከ ቦይ 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ቺንጋው መንከሻውን ጨምሮ 45 ይሁን፤ አንድ አሥረኛ ያህል አጥሮ ሲወጠር በቂ ኃይል ይኖረዋል። በሁለት ቺንጋዎች መካከል ያለው ክፍተት ከቺንጋው ስፋት አይብለጥ። ስለዚህ ውስጡ 55 ሳንቲ ሜትር ለሆነ መቀመጫ አምስት ቺንጋ ይበቃል፤ ለሁለቱ ወንበሮች 5 ሜትር ይግዙ። የብረት መንከሻዎቹን አይጣሉ። በካቻቢቴ ከፈት፣ ዝገቱን ፋቅ፣ አዲሱን ቺንጋ አስገብቶ በሞርሳ መልሶ መጭመቅ ነው። ለዚህ ሥራ ባለሙያ አያስፈልግም።

ላስቲክ ቺንጋ ከጠፋ ከተፈታታ መኪና የወጣ የደኅንነት ቀበቶ ጥሩ ምትክ ነው፤ ስፋቱ ተቀራራቢ ነው፣ አይበጠስም። ግን አይለጠጥምና መቀመጫው ትንሽ ይጠነክራል። በቦዩ ውስጥም አይያዝም፤ ከአግዳሚው ሥር ጫፉ ሁለት ጊዜ ታጥፎ በአራት አራት አጫጭር ሚስማር ይመታል። ጠፍርስ? ለአልጋና ለአገር ቤት ወንበር ተወዳዳሪ የለውም። የእነዚህ ወንበሮች አግዳሚ ግን ቀጭን ነው። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ስለሚኮማተር አግዳሚዎቹን ወደ ውስጥ ስቦ መጋጠሚያውን ይከፍተዋል። ሌላ ምርጫ ከሌለ ጠፍሩ ጠፈፍ ሲል ይጠፍሩ፤ እስኪደርቅም በሁለቱ አግዳሚዎች መካከል በልኩ የተቆረጠ እንጨት ወጥረው ያቆዩ።

ስፖንጅ ሲገዙ ሻጩ «ጠንካራ ነው» ቢልዎ አይርኩ። በጣት ሲጫኑት ጠንካራ የሆነ ሁሉ እፍጋት የለውም፤ ዕድሜ የሚሰጠው ደግሞ እፍጋቱ ነው። ለመቀመጫ በሜትር ኩብ 30 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ፣ ለመደገፊያ ከ20 እስከ 25 ይበቃል። ይህን በሚዛን ማረጋገጥ ይችላሉ። 50 በ50፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ 750 ግራም ከመዘነ 30 ነው። 500 ግራም ከሆነ 20 ስለሆነ ለመደገፊያ ይሁን እንጂ ለመቀመጫ አይግዙት። ውፍረቱም ከ10 አይብለጥ፤ 15 የሆነ እንደሆነ ክንድ ማሳረፊያው ዝቅ ይልብዎታል፣ እግርዎም ከመሬት ይነሳል። ስፖንጁ ከልብሱ ልክ በየአቅጣጫው 1 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። ላዩን በስሱ በተነጠፈ ባዘቶ ጠቅልለው የአቡጀዲ ከረጢት ያልብሱት፤ ማዕዘኑ ይሞላል፣ ልብሱም ሲወልቅና ሲገባ ስፖንጁን አይፍቅም።

ጨርቁን ራስዎ ይግዙና ለሰፊው የእጅ ዋጋ ብቻ ይክፈሉ። መቀመጫው 55 በ55፣ መደገፊያው 55 በ45፣ ሁለቱም 10 ውፍረት ካላቸው፣ 1 ሜትር ከ40 ስፋት ያለው ጨርቅ ለአንድ ወንበር ሜትር ተኩል ያህል ይጨርሳል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ለስፌት በየጎኑ 1.5 ሲጨመር ሁለቱ የመቀመጫ ፊቶች ጎን ለጎን 58 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይወስዳሉ፤ ሁለቱ የመደገፊያ ፊቶች 48። ዙሪያውን የሚሄደው 13 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሰቅ በወርዱ ሦስት ጊዜ ሲቆረጥ 39 ይወስዳል፤ የጎደለው ከጎን ከተረፈው ቁራጭ ይሞላል። ድምሩ 145 ነው። ለሁለቱ ወንበሮች 3 ሜትር ተኩል ከገዙ ለስህተትም ይተርፋል። ባለ መስመር ወይም ባለ ትልቅ አበባ ጨርቅ ግን መገጣጠም ስላለበት የበለጠ ይበላል።

ጥጥ ከሆነ ከመቆረጡ በፊት ነክረው ያድርቁት፤ ካልሆነ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ስፖንጁ አይገባበትም። ሸማ ማልበስ ያማረው ሰው ከሥሩ አቡጀዲ ያስደርብ፤ ሽመናው ላላ ያለ ስለሆነ ክሩ ከስፌቱ ላይ ይሸሻል። ጥጥ ጨርቅን ደህና ልብስ ሰፊ በእግር መኪናው ይሰፋዋል። ሌዘር ከመረጡ ግን የመኪና ወንበር ልባስ ወደሚሰፉት፣ ታፒሰሪ ወደምንላቸው ይሂዱ፤ ተራ መኪና ሌዘሩን ስለማይስበው ስፌቱ ይጨማደዳል። አሮጌውን ልብስ ደግሞ ራስዎ ስፌቱን ተርትረው፣ ፊትና ኋላውን በኖራ ጽፈው ይስጧቸው። ከዚያ የተሻለ ሞዴል የለም፤ ቅድ የማውጣት ዋጋም ይቀርልዎታል።

ከዳንግላ፦ «እንጨት ሥራ እየተማርኩ ነው። የመጣልኝ ወንበር ክንዱና የኋላ እግሩ ይነቃነቃል። ባለቤቱ ሚስማር ምታበት ይላል። ልምታው?»

አይምቱት። በዚህ መጋጠሚያ ውስጥ ክብ የእንጨት ሚስማር ወይም ምላስ አለ፤ የብረት ሚስማር ሲመታበት ይሰነጥቀዋል፣ በኋላ የሚጠግነውም ሰው ሊፈታው አይችልም። ችግሩ ያረጀው ኮላ ነው። የቆየ የከብት ኮላ ከሆነ ለብ ባለ ውኃ የራሰ ጨርቅ ሲቆይበት ይለሰልሳል፤ ከዚያ በላስቲክ መዶሻ ቀስ እያሉ ያላቁት። ከመፍታትዎ በፊት በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ወረቀት ለጥፈው «ግራ ፊት»፣ «ቀኝ ኋላ» ብለው ይጻፉ። አራቱ እግሮች አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

ጀማሪ የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው፤ አዲስ ኮላ በአሮጌው ላይ ያፈሳል። ነጩ የእንጨት ኮላ የሚይዘው ወደ እንጨቱ ሲሰርግ ነው፤ ስለዚህ አሮጌው ባዶ እንጨት እስኪታይ ድረስ ተፍቆ ይወገድ። የእንጨት ሚስማሩ ቀዳዳው ውስጥ ከላላ በስቱኮ አይሙሉት፤ ወፈር ያለ አዲስ ከወይራ ያውጡ። መጀመሪያ ያለ ኮላ ገጥመው ይሞክሩ፣ ከዚያ ኮላውን ቀዳዳውም ሚስማሩም ላይ ይቀቡ። ረጅም መጭመቂያ ከሌለዎት ገመድ ሁለት ዙር አስረው በመካከሉ እንጨት አስገብተው ይጠምዝዙ፤ ገመዱ ያረፈበት ቦታ ላይ ጨርቅ ያኑሩ። ኮላው ሳይደርቅ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሜትር ይለኩ። ሁለቱ ሰያፍ ልኮች እኩል ካልሆኑ ወንበሩ ጠምሟል፤ ረጅሙን በኩል ጫን ብለው ያስተካክሉት። 24 ሰዓት ሳይሞላው ማንም እንዳይቀመጥበት።

ከደብረ ማርቆስ፦ «የደበዘዘ ወንበር በኑግ ዘይት አሸሁት። መጀመሪያ አማረ፤ ከሳምንት በኋላ ግን እጅ ይይዛል፣ አቧራ ለቅሟል። የመፈተጊያ ማሽን ላስመታው ወይ?»

ማሽን አያስመቱት። የእነዚህ ወንበሮች መደገፊያና መቀመጫ ብዙ ጊዜ ላዩ የተለጠፈ ስስ እንጨት ነው፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥም አለ። ማሽኑ በደቂቃ ይበሳውና ከሥሩ ያለው ሌላ እንጨት ብቅ ይላል። ያ ደግሞ አይጠገንም።

ኑግ ግማሽ ደራቂ ዘይት ነው፤ እንጨት ላይ ሙሉ በሙሉ አይደርቅም። አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) የነካ ጨርቅ እየቀያየሩ፣ ጨርቁ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ ይጥረጉትና አንድ ቀን ያናፍሱት። ለዚህ ሥራ የሚሆነው የተልባ ዘይት ነው። እኩል አኳራጅ ቀላቅለው ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ላዩ የቀረውን በሙሉ በደረቅ ጨርቅ ያንሱ። ያልተነሳው እንደ ኑጉ ሊጣበቅ ይችላል። ሁለት ሦስት ቀን እያሳለፉ ሦስት ጊዜ ይበቃል፤ ክረምት ከሆነ ይዘገያል። ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ጨምድደው አይጣሉት፤ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግተው ውጭ ያድርቁት።

መጨረሻ ላይ ሰም። በእናንተ አገር ማርና ጠጅ ባለበት ሁሉ ይገኛል። 100 ግራም የተጣራ ሰም በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ ያቅልጡ፣ ከእሳት ያርቁ፣ ከዚያ 400 ሚሊ ሊትር አኳራጅ ይጨምሩ። እሳት አጠገብ ሆነው አይቀላቅሉ። በማግስቱ እንደ ቅባት ይረጋል።

ከሞጣ፦ «ሻጩ ታዋቂ ንድፍ ነው ብሎ ዋጋ ሰቅሏል። እንዴት ላውቅ?»

ገልብጠው ይዩ። የዴንማርክ ወንበሮች ብዙውን ጊዜ ከአግዳሚው ሥር የተቃጠለ ማኅተም ወይም ትንሽ የብረት ምልክት አላቸው። ምልክት ከሌለው እንደ ማንኛውም ጥሩ ወንበር ዋጋ ይስጡት፤ በዚያ ቅርጽ በዋንዛ የተሠራም አለ፣ እሱም መጥፎ ዕቃ አይደለም። የዴንማርካዊው ነዳፊ የሃንስ ቬግነር ባለ ዋይ (Y) መደገፊያ ወንበር ነው ካሉዎት፣ እ.ኤ.አ. በ1949 የተነደፈውና በ1950 መመረት የጀመረው ማለት ነው፣ መቀመጫው በ120 ሜትር ያህል የወረቀት ገመድ የተጎነጎነ ነው። ስፖንጅ ተሞልቶበት ካዩ ወይ ሌላ ወንበር ነው፣ ወይ ሰው ነካክቶታል። የዚህ ዘመን ዕቃ ተጠግኖ ማገልገሉ ብርቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ በቅርቡ ሲታደስ የቀድሞ የቤት ዕቃዎቹም ተጠግነው ተመልሰዋል።

ከገዙት ማኅተሙን ለጥገና ከመስጠትዎ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሱት፤ አናጺ ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትግ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።