አሮጌ ደብዳቤ ስለማቆየትና ፍሬም ስለማስገባት፦ ጥያቄና መልስ

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ አባቴ በ1963 ዓ.ም. ከአሥመራ ለእናቴ የጻፈላትን ደብዳቤ ሳሎን ልሰቅለው ነው። ፍሬም ቤቱ «መጀመሪያ ላሚኔት ይደረግ» አለኝ።

መልስ፦ ላሚኔት አታስደርጊ። ፕላስቲኩ በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል፤ መመለሻ የለውም። ስካን አስደርጊና ቅጂውን ስቀይ፣ ዋናው ጨለማ ይቀመጥ። የግድ ዋናው ካልሽ መስታወቱን አይንካ፤ በክረምት መስታወቱ ከውስጥ ያልበውና ወረቀቱ ይለጠፍበታል። በመሀል ከአሲድ ነፃ የሆነ ካርቶን ይግባ።

ከቀበሌ 14፦ የእኔ ደብዳቤ ተበላሽቷል፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ተቀደደ? ሻገተ? ረጠበ? ጠንቋይ አይደለሁም እኮ።

ከቀበሌ 14፦ ይቅርታ ጋሼ። ጽሕፈቱ ቡናማ ሆኖ፣ ወረቀቱ በፊደሎቹ ልክ እየተበሳ ነው።

መልስ፦ አሁን ጠየቅህ! ይህ ከብረት ሰልፌትና ከታኒን (ከዕፅዋት ከሚገኝ ንጥረ ነገር) የሚሠራ ቀለም ይመስላል። ሲጻፍ ፈዘዝ ይላል፣ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ሲያረጅ ቡናማ ይሆናል። በቀለሙ ውስጥ ያለው አሲድና የተረፈው ብረት ተባብረው ወረቀቱን ይበሉታል፤ እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል። በውሃ ልጠበው ብትል ብረቱ ተሰራጭቶ ያልተጻፈበትንም ያበላሻል። አትጠፈው፤ ሲነሣ ከሥሩ ጠንካራ ካርቶን ይኑር። ፕላስተር አትለጥፍበት፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ላሚኔትም አይታሰብ።

ከዘጌ፦ አጋነናችሁት! የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም መጻሕፍት ጣና ሐይቅ አፍንጫ ሥር ስንት ዘመን ኖረው የለ?

ከጎርጎራ፦ ወንድሜ፣ እሱ ብራና ነው። ያንተ የደብተር ወረቀት።

ከዘጌ፦ ብራና አይሻግትም ያለህ ማን ነው?

ከጎርጎራ፦ ሻገተ እንጂ ተበሳ አልተባለም!

ከዘጌ፦ አይጥ ሲበላውስ?

መልስ፦ በቃ! ብራናም ይሻግታል፣ አይጥም ይበላዋል፤ ስለዚህ ነው በማኅደር ተከቶ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሰቀለው። ልዩነቱ ቀለሙ ነው። የጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለም በአብዛኛው ከጥላሸት ነው፤ ጥላሸት የተጻፈበትን አይበላም።

ከጢስ ዓባይ፦ የሻገተውን ፀሐይ ላይ ላስጣው?

መልስ፦ በጭራሽ፤ ቀለሙ ይለቃል። ነፋስ ባለበት ጥላ ይድረቅ። ሲደርቅ ደጅ አውጥተህ በለስላሳ ብሩሽ ጥረገው፤ አፍና አፍንጫህን ሸፍን። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ከቆየ ሻጋታው ይመለሳል፤ ስለዚህ የውጭ ግድግዳ አጠገብ አታስቀምጠው።

ከቀበሌ 11፦ ፍሬም ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ፍሬም ቤት ጠይቅ።

ከቀበሌ 11፦ እሺ፣ ከፍሬም ላሚኔት አይረክስም?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ እህቴ ሌላኛውን ደብዳቤ ቀድማ ላሚኔት አስደርጋዋለች…

መልስ፦ እንዳትልጡት! ስካን አድርጉና እንዳለ አስቀምጡት።