የቡናው ወቅት እስኪያልፍ እግዚአብሔርን ማስጠበቅ ይቻላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ጅማ ነው የምኖረው። ከአጋሮ በኩል ከገበሬ ጀንፈል ቡና፣ ከነገለባው የደረቀውን ማለት ነው፣ እየገዛሁ አስረክባለሁ። ወቅቱ ሲደርስ መተንፈሻ የለኝም፣ እሑድ ሳይቀር ጭነት አለ። ሕይወቴን ለእግዚአብሔር ፈቃድ ልስጥ እላለሁ። ግን «ይሄ ቡና ይለፍና» ስል ዓመቱ ያልፋል። ሥራውን ልተወው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሥራሽን አትተዪ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ላይ ያለችው ልድያ ነጋዴ ነበረች፤ ቀይ ሐር ትሸጥ ነበር። በሰንበት ቀን በፊልጵስዩስ ወንዝ ዳር፣ ጸሎት ከሚደረግበት ቦታ ተቀምጣ ስትሰማ ጌታ ልቧን ከፈተላት። ንግዷን ተወች የሚል የለም። ቤቷን ግን ለሐዋርያት ከፈተች።

«ይለፍና» የሚለውን ነው የምትተዪው። ቡናው ሲያልፍ የልጆች ትምህርት ቤት አለ፣ ሠርግ አለ፣ ሌላም አይጠፋም። ጾመ ነቢያትም ኅዳር 15 የሚገባው ልክ የቡናው ግርግር ሲጦፍ ነው። ቤተ ክርስቲያን «ነጋዴው እስኪያርፍ» አላለችም።

ብዙዎቻችን ራስን ለእግዚአብሔር መስጠት ማለት ከቀኑ ላይ ሰዓት ቆርሶ መስጠት ይመስለናል። ሰዓቱም ያስፈልጋል። ግን ቅዳሴውን ቆሞ አስቀድሶ፣ ሚዛኑ ጋ ሲደርስ የራሱን ፈቃድ የሚሠራ ሞልቷል። «ጀንፈሉ እርጥብ ነው» ብለሽ ከገበሬው ኪሎ ስትቀንሺ፣ እውነት እርጥብ ሆኖ ነው? ወይስ መሽቶበታል፣ ተሸክሞት አይመለስም ብለሽ? ምሳሌ 11፥1 አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው ይላል። የእግዚአብሔር ፈቃድ ምን እንደሆነ እዚህ ላይ ሕልም መጠበቅ አያስፈልግም።

ያዕቆብም በምዕራፍ 4 የሚናገረው ለነጋዴ ነው፤ ዛሬ ወይም ነገ ወደዚህ ከተማ እንሄዳለን፣ እንነግዳለን፣ እናተርፋለን ለሚሉት። «ጌታ ቢፈቅድ» በሉ ይላቸዋል። እኛማ ይህን ቃል ከአፋችን አንለየውም! ችግሩ፣ ወስነን ከጨረስን በኋላ እንደ ማኅተም እናሳርፈዋለን። ሁለተኛ መኪና ልጨምር ስትዪ፣ ከመዋዋልሽ በፊት ጠይቂ። መልሱ «ይቅር» ቢሆን ትሰሚያለሽ? እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥድፊያችን ግማሹ እኛው የጨመርነው ነው።

ስትጸልዪም ፍላጎትሽን አትደብቂ። ጌታችን በጌቴሴማኒ መጀመሪያ «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» አለ፤ ቀጥሎ ነው «አንተ እንደምትወድ ይሁን እንጂ እኔ እንደምወድ አይሁን» ያለው። ማትረፍ እፈልጋለሁ ብለሽ ንገሪው።

ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት አሁን ላድርስ ብትዪ በሦስተኛው ቀን ትተዪዋለሽ። በነግህና በመኝታ ጀምሪ። ጠዋት የቡና ዋጋ ለመጠየቅ ስልክ ከማንሳትሽ በፊት «አባታችን ሆይ» በዪ። «ፈቃድህ ትሁን» ላይ ስትደርሺ ቆም በዪና የዕለቱን ሥራሽን ጥሪለት፤ ማን ጋ እንደምትሄጂ፣ ስንት ኩንታል እንደምትገዢ፣ ማን ብር እንዳለበት።

የእሑዱን ጭነት ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። እኔን ብትጠይቂኝ ወይ ቅዳሜ ማታ ይጫን፣ ወይ ሰኞ ጠዋት።