ወርቁ ለምን ለቀቀ? እና ሌሎች የጊታር ጥያቄዎች

ሰሞኑን የጠየቃችሁኝ ሁሉ ስለ ውድ ኤሌክትሪክ ጊታሮች መልክ ነው።

የጊታሬ ብረታ ብረት ወርቃማ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ብረት) ላይ ነጣ። ተሸውጄ ይሆን?

አልተሸወድክም። ወርቁ ቅብ ነው፣ ያውም በጣም ስስ፣ ከሥሩ ብዙ ጊዜ ኒኬል አለ። መዳፍህ ብሪጁ ላይ እያረፈ፣ በላብም በፍትጊያም ስለሚበላው መጀመሪያ የሚለቀው እዚያ ነው፤ የክር መወጠሪያዎቹ ግን ገና ብዙ ይቆያሉ። ተጫውተህ ስትጨርስ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረገው። የብረት መወልወያ እንዳታስጠጋው፣ የቀረውንም ፈግፍጎ ይጨርስልሃል። እኔ እንደውም የለቀቀ ወርቅ ደስ ይለኛል፣ ጊታሩ ሥራ ላይ እንደነበር ይናገራል።

ለብረታ ብረቱ ቅብ ኒኬል ይሻላል ክሮም?

ሁሌ እንደ አዲስ እንዲያብረቀርቅ ከፈለግሽ ክሮም። ኒኬል ሞቅ ያለ መልክ አለው፣ እየቆየ ግን ይደበዝዛል። ጊታር ሠሪው ጊብሰን እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ኒኬል ይጠቀም ነበር፣ የዚያን ዘመን ጊታር የሚመስሉት ውድ ሞዴሎች ኒኬል የሚሆኑትም ለዚሁ ነው። ድምፁን ቅቡ ይለውጠዋል ለሚሉሽ ጆሮ አትስጪ። መከራከር ካማራቸው ከሥር ያለው ዚንክ ነው፣ ናስ ነው ወይስ አረብ ብረት በሚለው ይከራከሩ።

ኢቦኒ (ጠቆር ያለ እንጨት) ነው የተባለ ፍሬትቦርድ (አንገቱ ላይ ጣት ክር የሚጫንበት ገጽ) ላይ ቡናማ መስመሮች አየሁ። ሌላ እንጨት ይሆን?

መስመር ስላለው ብቻ አትጠርጥር። ኢቦኒ በተፈጥሮው ሁሌ ድፍን ጥቁር አይደለም፣ ፋብሪካዎች ጥቁሩን ብቻ ስለሚመርጡ ነው እንደዚያ የለመድነው። ካሜሩን ውስጥ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኢቦኒ መሰንጠቂያ ባለድርሻ የሆነው ጊታር ሠሪው ቴይለር መስመር ያለውንም ጊታሮቹ ላይ ማዋል ጀመረ፣ ዛፉ አንዴ ከተቆረጠ መጣሉ ግፍ ነው ብሎ። ይልቅ አንድም መስመር የሌለው ከሆነ ቀለም ተቀብቶም ሊሆን ይችላል።

ሮዝውድ የሚባለው እንጨት ያለበት ጊታር ይዤ ድንበር ብሻገር?

ተራ ሮዝውድ ከሆነ ችግሩ ቀሏል። በ2017 የመጣው የሳይተስ (ለመጥፋት የሚያሰጉ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት) ቁጥጥር ከኅዳር 2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያለቀለትን የሙዚቃ መሣሪያ አይመለከትም። የብራዚል ሮዝውድ ግን ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጥብቅ የተከለለ ነው፣ ያለ ወረቀት አትሞክረው።

የሜፕል (ነጣ ያለ እንጨት) ፍሬትቦርዴን የሎሚ ዘይት ልቀባው?

አይ! ሜፕል አብዛኛውን ጊዜ በቫርኒሽ የተሸፈነ ስለሆነ ዘይቱ የሚገባበት የለውም። እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል። ዘይቱን ለሮዝውድና ለኢቦኒ አቆዪው፣ እነሱም ቢሆኑ በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ፣ ጠብታ ጠብታ።