የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የአውቶካድ ሌይአውቶችን ስለ ማባዛትና ስለ ማደራጀት

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ በአንድ አነስተኛ የንድፍ ቢሮ ውስጥ በአውቶካድ (በኮምፒውተር የንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም) የሕንፃ ንድፍ እሠራለሁ። አሁን የያዝሁት በጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ የሚቆም ጂ+4 ሕንፃ ሲሆን፣ ከመንገዱ በታች የሚውል አንድ ወለልም አለው። ለየወለሉ አዲስ ሌይአውት (ለኅትመት የሚዘጋጅ ሉህ) እየከፈትሁ ታይትል ብሎኩን (የፕሮጀክቱ ስምና የሉሁ ቁጥር የሚሰፍርበትን ሠንጠረዥ) እና ቪውፖርቱን (ንድፉ በሉሁ ላይ የሚታይበትን መስኮት) እንደ አዲስ ስለምሠራ ጊዜዬን ይፈጅብኛል፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሉሆቹ ሲደራረቡ የወለሎቹ አክሲሶች (የንድፉ የማጣቀሻ መስመሮች) አለመግጠማቸው ነው። የመጀመሪያውን ሌይአውት አባዝቼ መጠቀም እችላለሁን? ቅደም ተከተላቸውንስ እንዴት ላስይዝ?
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ማባዛት ይችላሉ፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ ትክክለኛው መንገድም እሱ ነው። በመስኮቱ ግርጌ በሚታየው የሌይአውቱ ስም ላይ የማውዙን ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ሙቭ ኦር ኮፒ» የሚለውን ይመርጣሉ፤ በሚከፈተው ሳጥን ውስጥም ቅጂው ከየትኛው ሌይአውት በፊት እንደሚቀመጥ ካመለከቱ በኋላ «ክሪኤት ኤ ኮፒ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ምልክቱ ከተዘነጋ ሌይአውቱ ቦታ ይለውጣል እንጂ አይባዛም። የኮንትሮል ቁልፍን እንደያዙ ስሙን ወደ ጎን መጎተትም ያባዛዋል፤ ያለ ኮንትሮል ሲጎተት ደግሞ ተራው ብቻ ይለወጣል።

ከማባዛት በፊት ግን ምን እንደሚባዛ ማወቅ ያስፈልጋል። ወደ ቅጂው የሚሄዱት በሉሁ ላይ ያለው ታይትል ብሎክ፣ የወረቀቱና የኅትመቱ ቅንብር፣ እንዲሁም ቪውፖርቱ ከነስኬሉና በእሱ ውስጥ ብቻ ፍሪዝ ከተደረጉት (እንዳይታዩ ከተደረጉት) ሌየሮች ማለትም የንድፍ ንብርብሮች ጋር ናቸው። በሞዴል (ንድፉ በእውነተኛ መጠኑ በሚሣልበት ገጽ) ውስጥ ያለው ንድፍ አይባዛም፤ አንድ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ እዚያ የተስተካከለ ግድግዳ በሚያሳዩት ሉሆች ሁሉ ላይ ተስተካክሎ ይታያል። በአንጻሩ በመጀመሪያው ሉህ ላይ የተሳሳተ የፕሮጀክት ስም ወይም የኅትመት ቅንብር ካለ፣ ስሕተቱ በቅጂዎቹ ቁጥር ልክ ይበዛል። አንዱን ሉህ ፈጽመው፣ በወረቀት አሳትመው፣ በስኬል ማስመሪያ ለክተው ካረጋገጡ በኋላ ብቻ እንዲያባዙ አጥብቄ እመክራለሁ።

አክሲሶቹ የማይገጥሙት በየሉሁ ንድፉን በእጅ እየጎተቱ ስለሚያስቀምጡት ይመስለኛል። በሞዴል ውስጥ ወለሎቹን በእኩል ርቀት ጎን ለጎን ይደርድሯቸው፤ ለምሳሌ የአንዱ ወለል የአክሲስ 1 እና ሀ መገናኛ ከሚቀጥለው ወለል ተመሳሳይ መገናኛ በስተግራ ልክ 40 ሜትር ይራቅ። ሌይአውቱን ካባዙ በኋላ የቅጂውን ቪውፖርት ቁልፍ ይክፈቱ፤ በቪውፖርቱ ውስጥ ሁለቴ ጠቅ አድርገው ይግቡና «ፓን» የሚለውን ትእዛዝ ከፊቱ ሰረዝ ጨምረው (-PAN) ይጻፉ፤ መጠኑን ሲጠይቅዎ -40,0 ብለው ኢንተር ይጫኑ፤ ሁለተኛ ነጥብ ሲጠይቅዎም ሌላ ሳይጽፉ ኢንተርን ይድገሙ። በሚሊሜትር የሚስሉ ከሆነ ቁጥሩ -40000,0 ይሆናል። ስኬሉ ሳይነካ ቀጣዩ ወለል በቀዳሚው ቦታ ላይ በትክክል ያርፋል፤ ከመንገዱ በታች ያለው ወለል ስፋቱ ከሌሎቹ ቢለይም እንኳ አክሲሶቹ ይገጥማሉ። ወዲያው ቪውፖርቱን መልሰው ይቆልፉ። ባልተቆለፈ ቪውፖርት ውስጥ የማውዙን ጎማ አንድ ጊዜ ማዞር 1:100 የነበረውን ስኬል ያበላሻል፤ በወረቀቱ ላይ በማስመሪያ የሚለካ ፎርማን ካለም ጉዳቱ እስከ ግንባታው ይደርሳል።

ስያሜን በተመለከተ «ሌይአውት 1 (2)» የሚለውን ስም እንዳለ አይተዉት። ስሙ ላይ ሁለቴ ጠቅ አድርገው የሉሁን ቁጥር፣ ለምሳሌ ኤ-01፣ ኤ-02 እያሉ ይጻፉ፤ ከመንገዱ በታች ያለውን ወለል ከምድር ወለል ፊት ያስቀድሙ። ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ ብዙዎች የማይጠቀሙበት ጠቃሚ ዘዴ አለ፦ በታይትል ብሎኩ የሉህ ቁጥር ቦታ ላይ ቁጥሩን በእጅ ከመጻፍ ይልቅ «ሲታብ» (CTAB) ከተባለው የሥርዓት ተለዋዋጭ ጋር የተያያዘ ፊልድ (ይዘቱን ራሱ የሚያድስ ጽሑፍ) ያስገቡ። ይህ ተለዋዋጭ የሌይአውቱን ስም ስለሚይዝ፣ ቅጂውን እንደገና ሲሰይሙት በሉሁ ላይ ያለው ቁጥርም በሪጀን (ንድፉን በስክሪኑ ላይ በሚያድሰው ትእዛዝ) ወይም በኅትመት ጊዜ አብሮ ይታደሳል። ሁለት ሉሆች አንድ ቁጥር ይዘው ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርቡበት ችግርም በዚሁ ይወገዳል።

አንድ ፋይል እስከ 255 ሌይአውት ይይዛል፤ እንዲህ ያለ ሕንፃ ግን ወደዚያ አይጠጋም። የስትራክቸርና የኤሌክትሪክ ሥራዎች በሌላ ፋይል ከተሠሩ፣ ያዘጋጁትን ሉህ «ሌይአውት» በሚለው ትእዛዝ ውስጥ ባለው «ቴምፕሌት» አማራጭ ወደዚያ ማስገባት ይችላሉ፤ ነገር ግን የሞዴሉ ንድፍ አብሮ ስለማይሄድ ቪውፖርቱ በዚያ ፋይል ወዳለው ንድፍ እንደገና መመራት አለበት።

ሲጨርሱ ሉሆቹን አንድ በአንድ ከማተም ይልቅ «ፐብሊሽ» በሚለው ትእዛዝ ሁሉንም በአንድ ፒዲኤፍ ያውጡ፤ በዝርዝሩ ውስጥ የሞዴሉን ገጽ ያስወግዱ፣ ተራውንም ይመልከቱ። ፋይሉን ወደ ፒያሳ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ማተሚያ ቤት የሚወስዱ ከሆነ፣ ኅትመቱ የወረቀቱን ትክክለኛ መጠን እንዲጠብቅና «ገጹን ለማስማማት» በሚል እንዳይቀንሰው ለባለሙያው አስቀድመው ይንገሩ፤ ኤ1 ሉህ 594 በ841 ሚሊሜትር ሆኖ ካልወጣ የተጻፈው ስኬል አይሠራም።