ኮድ ሳይጽፉ የሥራ መተግበሪያዎችን ማገናኘት፦ ከጎጃም የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ፎርም በተሞላ ቁጥር መረጃው በራሱ ወደ ጎግል ሺትስ እንዲገባ፣ ከዚያም በቴሌግራም ለሚመለከተው ሰው እንዲደርስ የሚያደርጉ እንደ ዛፒየርና ሜክ ያሉ መሣሪያዎችን መማር የጀመራችሁ፣ ያስቸገራችሁን ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከእንጅባራ፣ ከደጀንና ከባሕር ዳር ጥያቄ መጣልኝ። በብዙዎቹ ውስጥ «ለኔ ጭንቅላት አይሆንም መሰለኝ» የሚል ተስፋ መቁረጥ አለ። ይህን አልቀበልም። መሣሪያዎቹ የተሠሩት በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ዘመን አቆጣጠርና በሌላ ፊደል ለሚሠራ ሰው ነው። የኛ መረጃ ሲገባባቸው የሚሰናከሉባቸው ቦታዎች ደግሞ ጥቂትና የታወቁ ናቸው።

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ የክሊኒክ ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ የቀጠሮ ማስታወሻ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ለታካሚዎች እንዲላክ አዝዤ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተላከና ሰው ሁሉ ከእንቅልፉ ተነሣ። እንዴት እንዲህ ይሆናል?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ሁለት ነገር ተደራርቦብሽ ነው። መሣሪያው 2፡00 ሲል ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለተኛው ሰዓት ማለቱ ነው፤ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት። በዚያ ላይ የሰዓት ክልሉ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) እንደተባለ ቀርቷል። እኛ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት እንቀድማለን፤ በ8 ላይ 3 ሲጨመር 11 ይሆናል። መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጊው፤ አዲስ አበባን ካጣሽ ናይሮቢም ያው ነው። ከዚያ የጠዋቱን 2 ሰዓት 8፡00 ብለሽ ጻፊ። አንዱን ብቻ አስተካክለሽ ሌላውን ብትተዪው ሰዓቱ አሁንም ይዛባል፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አስተካክያቸው።

ጥያቄ፣ ከቢቸና፣ የማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ፦ ዓመቱን ሙሉ በደንብ የሠራው በጳጉሜን ተበላሸ። የጳጉሜን ደረሰኞች መጋቢት ላይ ተመዝግበው አገኘኋቸው።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በመምጣቱ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ጳጉሜን 3 ቀን 2017ን 3/13/2017 ብለው ጽፈው ይሆናል። መሣሪያው 13ኛ ወር አያውቅም። ስለዚህ አሜሪካኖች እንደሚጽፉት ወሩን አስቀድሞ አነበበውና ማርች 13፣ 2017 አደረገው። ትክክለኛው ቀን ግን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2025 ነው። በሌሎቹ ወራት በደንብ ሠራ ያሉትም ያሳስበኛል። 5/2/2017 ተብሎ የተጻፈ ቀን ስሕተት ሳያሳይ ይገባል እንጂ በፈረንጆች ቀን ስለሚወሰድ ከሰባት ዓመት በላይ ወደኋላ ሄዷል ማለት ነው። ሁለት ዓምድ ያድርጉ። በአንዱ ፎርሙ በራሱ የሚያስገባው የፈረንጆች ቀን ይቀመጥ፤ ማጣሪያና ስሌት ሁሉ በሱ ይሂድ። በሌላው የኛ ቀን «ጳጉሜን 3 ቀን 2017» ተብሎ በጽሑፍ ይግባ። እሱ ለሰው ዓይን ነው፤ መሣሪያው አይንካው።

ጥያቄ፣ ከቡሬ፣ የእህል ነጋዴ፦ ከፍኖተ ሰላም የመጣ ትእዛዝ ለአንድ ሠራተኛ፣ ከደብረ ማርቆስ የመጣው ለሌላው እንዲደርስ ማጣሪያ አድርጌያለሁ። አንዳንዱ ይደርሳል፣ አንዳንዱ ጠፍቶ ይቀራል።

መልስ፦ ሺቱን ይክፈቱና የከተማውን ዓምድ ከላይ ወደ ታች ያንብቡ። «ፍኖተ ሰላም»፣ «ፍኖተሰላም»፣ «ፍኖተ ሠላም» የሚሉ ሦስት ዓይነት አጻጻፎች እንደሚያገኙ እገምታለሁ። ለእርስዎ አንድ ከተማ ነው፤ ለመሣሪያው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከቃሉ መጨረሻ የቀረች አንዲት ባዶ ቦታም ማጣሪያውን ታከሽፈዋለች፤ እሷ ደግሞ በዓይን አትታይም። ደንበኛው ከተማውን እንዲጽፍ አያድርጉ፤ ከዝርዝር እንዲመርጥ ያድርጉ። እዚያው እያሉ የስልኩንም ዓምድ ይመልከቱ፤ 0918 የነበረው 918 ሆኖ ይሆናል። ጎግል ሺትስ ቁጥር ነው ብሎ ስለሚይዘው የፊቱን ዜሮ ይጥለዋል። ደንበኛው ከ251 ጀምሮ እንዲሞላ ያድርጉ፤ ያን ጊዜ የሚወድቅ ዜሮ አይኖርም።

ጥያቄ፣ ከሞጣ፣ መምህር፦ ሜክ በወር 1000 ተግባር በነጻ ይሰጣል ተብሎ ገባሁ። የሚሞላልኝ ፎርም በወር ከ40 አይበልጥም፤ እሱ ግን በአሥረኛው ቀን አለቀብህ ብሎ ቆመ።

መልስ፦ መምህር፣ መናደድዎ ተገቢ ነው፤ ይህ ነገር ከመመዝገብ በፊት በግልጽ መነገር ነበረበት። ሜክ «አዲስ የተሞላ ፎርም አለ?» ብሎ ሄዶ ባየ ቁጥር፣ ምንም ባያገኝም፣ አንድ ይቆጥርብዎታል። በነጻው አገልግሎት በየ15 ደቂቃው ያያል። በሰዓት 4፣ በቀን 96፣ በአሥር ቀን 960። ሌሊቱን ሙሉ፣ እሑድንም ጭምር ባዶ ፎርም ሲጎበኝ ነው ያለቀው። የጊዜ ሰሌዳውን በሰዓት አንድ ጊዜ ያድርጉትና በሥራ ቀንና በሥራ ሰዓት ብቻ ይወስኑት፤ ያን ጊዜ ወሩን ሙሉ ተርፎዎት ይውላል። የሚጠቀሙበት ፎርም ዌብሁክ የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው፤ ፎርሙ ሲሞላ ራሱ ይጠራዋል እንጂ መሣሪያው አይመላለስም።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፣ ተማሪ፦ በየትኛው ልጀምር? ክፍያውስ በዶላር አይደለም ወይ?

መልስ፦ በዶላር ነው፤ ስለዚህ በነጻው ልክ ሊሠራ የሚችል ሥራ ምረጥ። ዛፒየር ለጀማሪ ይቀላል፤ በነጻ የሚፈቅደው ግን በወር 100 ተግባር ነው፣ ያውም ባለ ሁለት ደረጃ (አንድ መነሻ፣ አንድ ተግባር) ብቻ። እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ኢንቴግሮማት ይባል የነበረው የቼኮቹ ሜክ መጀመሪያ ላይ ያደናግራል። ቢሆንም በየደረጃው ምን እንደገባና ምን እንደወጣ አንድ በአንድ ስለሚያሳይ ለመማር እሱን እመርጣለሁ። ኤንኤይትኤን የተባለውን ሌላ መሣሪያ በራስህ ሰርቨር (ሁልጊዜ በርቶ በሚቆይ ኮምፒውተር) ላይ ያለ ክፍያ መጫን ይቻላል፤ ነገር ግን ሰርቨር መጠበቅ ራሱን የቻለ ትምህርት ነውና ለኋላ አቆየው።

ጥያቄ፣ ከእንጅባራ፦ መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል?

መልስ፦ አይቆምም። የሚሠራው በኩባንያው ሰርቨር ላይ እንጂ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ አይደለም።

ጥያቄ፣ ከደጀን፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ፦ የቴሌግራም ቦቴ፣ በራሱ የሚጽፈው አካውንት፣ ለግሩፓችን መልእክት ይልክ ነበር፤ ድንገት 400 የሚል ስሕተት እያወጣ ቆመ። ሁሉን አፍርሼ እንደገና ሠራሁት፤ ያው ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማፍረስህ ነው ያሳዘነኝ። ብዙዎቻችሁን የሚያደክማችሁም ይኸው ነው፤ ስሕተት ሲመጣ ሳታነቡ ታፈርሳላችሁ። ከ400 በታች የተጻፈውን አረፍተ ነገር ተመልከት፤ ግሩፑ ወደ ሱፐርግሩፕ ተለውጧል የሚል ይመስለኛል። ግሩፑ ሲያድግ ወይም አንዳንድ ቅንብሩ ሲነካ ቴሌግራም ብዙ ሰው ወደሚይዝ ሱፐርግሩፕ ያሳድገዋል፤ መለያ ቁጥሩም ይለወጣል። አዲሱ ቁጥር -100 ብሎ ይጀምራል፤ እሱን በአሮጌው ቦታ ተካ፣ ሌላው እንዳለ ይቀጥላል። አንተ እንደገና ስትሠራው አሮጌውን ቁጥር ሳትገለብጥ አልቀረህም።

ለሁላችሁም የምለው፣ ማንኛውም ነገር ሲቆም መጀመሪያ ሂስቶሪ የሚለውን ገጽ ክፈቱ። የትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመና ምን ይዞ እንደገባ እዚያ ተጽፏል። 401 ከሆነ አካውንቱ ተላቋልና እንደገና አገናኙት፤ የጎግል የይለፍ ቃል ከቀየራችሁ በኋላ ይህ ሊመጣ ይችላል። ቴሌግራም 403 ካለ ቦቱ ለዚያ ሰው እንዲጽፍ አልተፈቀደለትም፤ ቦት ቀድሞ ሰውን ማናገር ስለማይችል ሰውየው ስታርት የሚለውን ይጫን። 429 ከሆነ በአንድ ጊዜ ብዙ ልካችኋል፤ በመካከሉ ጥቂት ማቆያ ጨምሩ። ገጹ ምንም ስሕተት ሳያሳይ መልእክቱ ካልደረሰ ደግሞ ማጣሪያው ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ የቡሬውን ነጋዴ መልስ እንደገና አንብቡ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ስሕተት ካልገባችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ። የቦቱ ቶክን (የይለፍ ቁልፉ) ግን በፎቶው ላይ እንዳይታይ ሸፍኑት፤ ቶክኑን ያገኘ ሰው ቦቱን እንደራሱ ያዝዘዋል። አስቀድሞ ለሰው ያሳየ ካለ ዛሬውኑ ቦትፋዘር (ቦት የሚፈጠርበት የቴሌግራም ቦት) ዘንድ ገብቶ አሮጌውን ይሰርዝና አዲስ ይውሰድ።