ደሴ ላይ መኪና ለምን ይሰንፋል? ጥያቄና መልስ

ነገሩ የተነሳው በሁለት ጓደኛሞች ክርክር ነው። አንዱ ደሴ፣ ሌላው ኮምቦልቻ ይኖራሉ፤ ሁለቱም ቪትዝ ይነዳሉ፣ ሞዴሉም ያው ነው። ስልካቸው ላይ ሰዓት የሚይዝ አፕ ጭነው ከቆሙበት ተነስተው ሲለኩ የኮምቦልቻው ይቀድማል። የደሴው «መኪናዬ ታማለች» ብሎ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚለኩሰውን) ቀየረ፣ ፊልትሮ ቀየረ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ጥያቄውን እኔ ዘንድ ሲያመጡት ሌሎችም የየራሳቸውን ጨመሩበት። ከሞተር ጋር ስለምውል የማውቀውን ልመልስ።

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፦ ጋሼ፣ መኪናዬ ምን ሆና ነው?

ምንም አልሆነችም፣ አብሽር። አንድ ግራም ቤንዚን በወጉ እንዲነድ 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ሞተር ደግሞ አየር የሚስበው በሊትር ነው፤ የአንድ ሊትር ሞተር ጂቡቲም ቢወርድ ደሴም ቢወጣ ያው አንድ ሊትር ነው። ባሕር ጠለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከሰዓት በኋላ 24 ዲግሪ ሲሆን ያው ሜትር ኩብ 0.9 ኪሎ አይሞላም። ሲሊንደሩ አልጠበበም፣ የሚገባለት አየር ግን በሩብ ያህል ሳስቷል። አየር ካነሰ ቤንዚኑም ያንሳል፣ ቤንዚን ካነሰ ጉልበት የለም። በደምሳሳው ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል ብለህ ያዝ። የቀየርከውን ካንዴላ ግን አትጣለው፣ ሌላ ጊዜ ይሠራል።

ከዚያው ልጅ፦ ሩብ ጉልበት ካጣሁ ሰዓቴም በሩብ ይረዝማል ማለት ነው?

አይረዝምም። ድራግ ሬስ የሚባለው ውድድር ከቆሙበት ተነስቶ ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር፣ ቀጥ ብሎ መፈትለክ ነው። ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙበት ቀመር የመኪናውን ክብደት ለፈረስ ጉልበቱ ያካፍልና የውጤቱን ኩብ ሩት (ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ያንን ውጤት የሚሰጠውን ቁጥር) ይወስዳል። በዚህ ሒሳብ ጉልበት በ25 በመቶ ሲቀንስ ሰዓቱ የሚረዝመው በ10 በመቶ ያህል ነው። 70 የፈረስ ጉልበት ያላት ትንሽ መኪና ከነነጂዋ 1,000 ኪሎ ብትመዝን ባሕር ጠለል ላይ 18 ሰከንድ ከምናምን ትጨርሳለች፤ ደሴ ላይ 20 ታልፋለች። የመጨረሻ ፍጥነቷም በዚያው ልክ ይወርዳል፦ ታች በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገብታ የምትጨርስ መኪና እላይ 145 አካባቢ ላይ ትቀራለች።

ከኮምቦልቻ፦ ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ እበልጠዋለሁ፣ አለቀ?

አላለቀም። አንተ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነህ፣ እሱ 2,500፤ ካርታው ላይ የ650 ሜትር ብልጫ አለህ። ሞተሩ ግን ካርታ አያነብም፤ የሚያውቀው አየሩ ምን ያህል ጥቅጥቅ እንዳለ ብቻ ነው፣ ጥግግቱን ደግሞ ሙቀትም ይወስነዋል። አየር ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ይሳሳል። እስቲ አስበው፦ ደሴ ማለዳ 8 ዲግሪ ነው፣ ልጁ ጋቢውን ደርቦ ወጥቷል። አንተ እኩለ ቀን ላይ በ30 ዲግሪ ላብህን እየጠረግህ ነው። የሁለታችሁን አየር ብንመዝነው ሁለቱም ሜትር ኩብ 0.94 ኪሎ አካባቢ ነው። እኩል ናችሁ! ብልጫህ ሙሉ የሚሆነው ሁለታችሁም በአንድ ሰዓት፣ በተቀራራቢ ሙቀት ከለካችሁ ነው። ውድድር የሚያካሂዱ አገሮችም የቦታውን ሜትር ብቻ አይመለከቱም፤ ግፊትን፣ ሙቀትንና እርጥበትን አንድ ላይ አስልተው «አየሩ ዛሬ የስንት ሜትር አየር ነው?» ይላሉ። በዚያ ስሌት የደሴ ማለዳ 2,700 ሜትር አካባቢ ሲሆን የዚያው ቀን ከሰዓት 3,200 ሊደርስ ይችላል። ከተማዋ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ከሐይቅ፣ የሚሌ መስመር ሹፌር፦ ሚሌ ስወርድ መኪናው ጉልበት ያገኛል ሲሉ እሰማለሁ፣ እኔ ግን ያን ያህል አይታየኝም።

ልክ ነዎት። ሚሌ 500 ሜትር ገደማ ነው፣ ከደሴ አንጻር ሌላ ዓለም። ነገር ግን በ40 ዲግሪ ሐሩር አየሩ የ1,400 ወይም የ1,500 ሜትር አየር ሆኖ ቁጭ ይላል። በዚያ ላይ ሞተሩ አየር የሚስበው ከኮፈኑ ሥር ከሆነ ከውጭ የባሰ የጋለውን ነው የሚውጠው። ሌሊት ሲጓዙ ልዩነቱ ይታይዎታል።

ከወልድያ፦ ካርቡራቶር ያላት አሮጌ ዲኤክስ አለችኝ። እሷስ?

የእሷ ችግር ድርብ ነው። አዲስ መኪና ላይ ኮምፒውተሩ በሴንሰር የአየሩን መጠን አውቆ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ጉልበት አይመልስም፣ ቢያንስ ግን አያበላሽም። ካርቡራቶር፣ ማለትም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ይህን አያውቅም፤ ቤንዚን የምታወጣው ቀዳዳ ለቆላ ተለክታ ከሆነ ደጋ ላይም ያን ያህሉን ልታፈስ ትሞክራለች። ውጤቱን ካንዴላ ስትፈታ ታየዋለህ፦ ጫፉ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ለብሶ፣ በጣትህ ስትነካው እንደ ከሰል ዱቄት ይይዝሃል። ጤነኛ ካንዴላ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። በአነስተኛ ቀዳዳ ይቀየርልህ፤ ቤንዚኗም ይቀንሳል፣ ዳገቱም ይሻላል። ወደ ሚሌ ወይም ወደ ጂቡቲ የምትመላለስባት ከሆነ ግን አስብበት፤ በቀጭን ቀዳዳ ቆላ ላይ ብትሮጥ ቤንዚኑ ከአየሩ ያንስና ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

ከኮምቦልቻ፣ የጭነት መኪና ረዳት፦ የደሴን ዳገት ስንወጣ አሮጌው አይሱዙ ጥቁር ጭስ ያነፍሳል። አለቃዬ የናፍጣ ፖምፓውን «ትንሽ ክፈቱለት» ይላል።

አታስከፍቱት! ጥቁር ጭስ ማለት ሳይነድ የወጣ ናፍጣ ነው። አየር ባጠረበት ላይ ናፍጣ ብትጨምር ጭሱ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ የነዳጅ ወጪው ያድጋል፤ ጉልበቱ ግን እዚያው ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ፈትታችሁ አራግፉ። የወሎ በጋ አቧራ ቀልድ አይደለም፤ በስስ አየር ላይ የታፈነ ፊልትሮ ሲጨመርበት ነው መኪናው ዳገቱ ላይ እግሩን የሚጎትተው። ከዚያ ማርሽ ቀድሞ መቀነስ።

ከደሴ፣ ሸዋ በር፦ ቱርቦ ካለኝስ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነኝ?

በከፊል። ቱርቦ በጭስ ማውጫው ግፊት እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ ያስገባል፤ አየሩ ሲሳሳ በፍጥነት ይሽከረከርና ጉድለቱን ይሞላል። ለምሳሌ ሞተሩ 1.8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አየር ቢፈልግ ባሕር ጠለል ላይ ቱርቦው አየሩን 1.8 ጊዜ መጭመቅ ይበቃዋል። ደሴ ላይ የውጪው ግፊት 0.75 ባር አካባቢ ስለሆነ 2.4 ጊዜ ያህል መጭመቅ አለበት። አቅም ካለው ይሆናል፤ ከሌለው አየሩን አግሎ ያስገባዋል፣ ራሱም ያረጃል። ግፊቱን በስፕሪንግ ብቻ የሚቆጣጠር የድሮ ቱርቦ ደግሞ የሚለካው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ስለሆነ፣ ውጪ የጠፋውን አይተካም፤ የጨመቀውን ብቻ ይሰጥሃል። እንዲያም ሆኖ ጉዳቱ ቱርቦ ከሌለው በግማሽ ያህል ያነሰ ነው። አንድ ነገር ግን ሁሉም ላይ ይታያል፦ ቱርቦው እስኪነቃ ድረስ ያለው መዘግየት ደጋ ላይ ይረዝማል። በድራግ ሬስ ደግሞ ጨዋታው መነሻው ላይ ነው።

ከመርሳ፦ ፈረንጆቹ ከፍታ ላይ ይወዳደራሉ?

ይወዳደሩ ነበር። አሜሪካ ዴንቨር አጠገብ ባንዲሜር የሚባል የድራግ ሬስ ሜዳ ነበር፣ ከፍታው 1,770 ሜትር ገደማ፤ ከኮምቦልቻ ጥቂት ዝቅ ይላል። በ1958 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ በ2023 ተዘጋ። እዚያ የሚመጡት ትልልቆቹ ቡድኖች አየር የሚገፋውን ብሎወር በፍጥነት እንዲሽከረከር አድርገው ያስተካክሉት ነበር። ለአማተሮቹ ደግሞ የአገሪቱ የድራግ ሬስ ማኅበር ኤንኤችአርኤ ለከፍታ ማካካሻ ቁጥር አውጥቷል፤ ደጋ ላይ የተሠራ ሰዓት በዚያ ተባዝቶ ቆላ ላይ ስንት ይሆን እንደነበር ይነገራል። እናንተ ሁለታችሁም የምትጣሉት ይህን ማካካሻ ሳትሠሩ ነው።

ከደሴ፣ አራዳ፦ በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ሯጮቹ እኮ በከፍታው ፈጥነው ነበር?

የአጭር ርቀቶቹ አዎ። በ1968 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ በ2,200 ሜትር ገደማ፣ የአጭር ርቀት ሯጭ ጉልበቱን በአብዛኛው ከጡንቻው ክምችት ስለሚያወጣ የኦክስጅን እጥረቱ ብዙም አልነካውም፤ ስስ አየሩ ግን መንገድ ለቀቀለት። መኪና ክምችት የለውም፣ በየቅጽበቱ መተንፈስ አለበት። የረጅሙን ርቀት ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ማራቶኑን የወሰደው የእኛው ማሞ ወልዴ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ የኤሌክትሪክ መኪናስ?

እሷ አትተነፍስም፣ ስለዚህ አትደክምም። እንዲያውም አየሩ ስለሳሳ ከፊቷ የሚገፋት ይቀንሳል። በአሜሪካ ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ ውድድሩ 2,862 ሜትር ላይ ተጀምሮ 4,302 ሜትር ላይ ያልቃል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የፎልክስቫገን የኤሌክትሪክ መኪና በ7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ወጥታ የነዳጆቹን ሁሉ ክብረ ወሰን ሰበረች። እኛም አገር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ደሴ ላይ ቪትዝን ጥሎ የሚሄደው ማን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። አንድ ምክር፦ ደሴ ላይ ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልተህ ወደ ኮምቦልቻ አትውረድ። 1,600 ኪሎ መኪና ያን ቁልቁለት ሲወርድ 2.8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይለቃል፤ ባትሪው ቦታ ከሌለው መልሶ አይቀበለውም፣ ሥራው ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል።

ከኩታበር፦ ቁልቁለት ላይ ፍሬኔ ይጠነክርብኛል፣ ዳገት ላይ ውሃ ይፈላብኛል። ይህም የከፍታ ነው?

ይህ ከውድድሩ ሁሉ ይበልጥብኛል። ፍሬኑን የሚያግዘው ሰርቮ በሞተሩ መሳብና በውጪው አየር ግፊት ልዩነት ነው የሚሠራው። የውጪው ግፊት በሩብ ሲቀንስ እገዛውም ይቀንሳል፣ እግርህ ይበልጥ መግፋት አለበት። ስለዚህ ቀድመህ ማርሽ ቀንስ፣ ፍሬኑን ለመጨረሻው አቆየው። የሰርቮው ቱቦ ላይ ስንጥቅ ካለ ደጋ ላይ ይብሳልና አስፈትሽ።

ውሃው ግልጽ ነው፤ ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታት ራሱ የሚከፈተው ከ82 እስከ 88 ነው። የሚያድንህ የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊቱን ይዞ የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ይወስደዋል። ጎማው ያለቀ ክዳን ወይም እንደማየው በጨርቅ የታሰረ ካለህ ሌላ ነገር አትጠይቀኝ፣ ክዳኑን ግዛ።

ከደሴ፦ ኦክቴን የሚጨምር ጠርሙስ ልግዛ?

ገንዘብህን ያዝ። ኦክቴን የሚያስፈልገው ሞተር እንዳያንኳኳ፣ ማለትም ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እንዳይነድ፣ ነው፤ ስስ አየር ላይ ደግሞ የሲሊንደሩ ግፊት ስለሚቀንስ ማንኳኳቱም ይቀንሳል። አሜሪካኖች በተራራማ ክልሎቻቸው ዝቅ ያለ፣ ባለ 85 ኦክቴን ቤንዚን የሚሸጡት ለዚህ ነው። ጉልበት ከፈለግህ ከኮፈኑ ውጪ ቀዝቃዛ አየር እንድትስብ አድርጋት፣ ከኋላ የተሸከምከውንም ኮተት አውርድ። ከ1,000 ኪሎ ላይ 100 ብታወርድ ሰዓትህ በሦስት በመቶ ተኩል ያህል ይሻሻላል።

ከቆቦ፦ እኛ ጋ መንገዱ ሜዳና ቀጥ ያለ ነው፤ ኑና እንለካ።

አልመጣም፣ እናንተም አታድርጉት። በዚያ መንገድ ላይ አህያ፣ ግመል፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ አለ። የተዘጋ ሜዳ ካገኛችሁ ጥሩኝ።

ከደሴ፣ ያው የመጀመሪያው ልጅ፦ እሺ ጋሼ፣ የአክስቴ ልጅ ኮሮላ ደሴ ላይ 18 ሰከንድ ቢሠራ ጂቡቲ ስንት ይሠራል?

ጂቡቲ በ35 ዲግሪ ሙቀት አየሩ ከደሴው ከሰዓት በ29 በመቶ ያህል ይከብዳል። ኩብ ሩቱን ስትወስድ 1.09 ይሆናል፤ 18 ሲካፈል ለ1.09፣ 16 ሰከንድ ተኩል። አንድ ሰከንድ ተኩል ለማትረፍ ጂቡቲ ድረስ ከምትወርድ ማለዳ ተነሳ።