በእስያና ላቲን ቅይጥ ምግብ ቤት ተካፍሎ ለመብላት፦ ስንት ሳህን፣ በምን ቅደም ተከተል?

«አራት ጓደኛሞች ነን፤ የእስያንና የላቲን አሜሪካን ምግብ አዋህዶ በሚሠራ ቤት ምሳ ተካፍለን ልንበላ ነው፤ እንዴት እንዘዝ?» ለሚለው ጥያቄ።

ከሳህኑ ብዛት ይልቅ የሚመጣበት ጊዜ ይበልጣል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ካዘዛችሁ ወጥ ቤቱ የደረሰለትን እያከታተለ ይልካል። መብላት እስክትጀምሩ የተጠበሰው ይለሰልሳል፣ በሎሚ የተዘፈዘፈው ጥሬ ዓሣ ይጠነክራል። ስለዚህ በሁለት ዙር እዘዙ፤ አስተናጋጁንም «የመጀመሪያዎቹ ሳህኖች ሲነሱ ቀጣዩን አምጣ» በሉት።

ለአራት ሰው አምስት ሳህን ይበቃል፦ ሁለት ቀዝቃዛ፣ ሁለት በእጅ የሚበላ፣ አንድ ትኩስ ዋና ምግብ። ታኮ (በቶርቲላ፣ ማለትም በስስ የበቆሎ ወይም የስንዴ ቂጣ፣ የሚጠቀለል ምግብ) ወይም ባኦ (በእንፋሎት የበሰለ ለስላሳ የቻይና ዳቦ) ከማዘዛችሁ በፊት በአንድ ሳህን ስንት ፍሬ እንደሚመጣ ጠይቁ። ሦስት ከሆነ አንዱ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል፤ ብዙ ቤቶች አንድ ፍሬ ሒሳቡን አስበው ይጨምራሉ።

ሴቪቼ (በሎሚ ጭማቂ የተዘፈዘፈ ጥሬ ዓሣ) ከመጣ ሌላውን ትታችሁ እሱን ጀምሩ። የሎሚው አሲድ የዓሣውን ፕሮቲን እያጠነከረ ስለሚሄድ ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ እንደ ጎማ ይሆናል። ከነጭማቂው በማንኪያ አውጡት፤ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። ቲራዲቶም ጥሬ ዓሣ ነው፤ ነገር ግን እንደ ጃፓኖቹ ሳሺሚ በስሱ ተቆርጦ ማጣፈጫው መጨረሻ ላይ ይፈስበታል። እ.ኤ.አ. ከ1899 ጀምሮ ፔሩ የገቡት ጃፓናውያን ያሳደሩት ተጽዕኖ በግልጽ የሚታይበት ምግብ ነው፤ ለእኔ ከሴቪቼ ይልቅ ለመካፈል የሚመቸው እሱ ነው፤ ቁራጮቹ ተቆጥረው ይደረደራሉና። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ሎሚ ጥገኛ ትሎችን አይገድልም። ዓሣው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ7 ቀን በረዶ ሆኖ የቆየ መሆኑን ጠይቁ፤ ነፍሰ ጡር ካለች ጥሬውን ትተወው።

የተጠበሰ ዎንቶን (በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ ወይም አትክልት) ላይ ማጣፈጫ አታፍስሱ፤ እያንዳንዱ ሰው እየነከረ ይብላ። ቶርቲላም እንፋሎቱ እንዳያመልጥ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጥና አንድ አንድ እያወጣችሁ ሙሉት፤ አስቀድሞ የተሞላ ታኮ ከሥር ይቀደዳል።

ለዋና ምግብ ሎሞ ሳልታዶ እመርጣለሁ፦ የበሬ ሥጋ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ከሶያ ሶስና ከኮምጣጤ ጋር በከፍተኛ እሳት በዎክ (በጎድጓዳ የቻይና መጥበሻ) ይጠበሳል። እ.ኤ.አ. ከ1849 ጀምሮ ፔሩ የገቡት ቻይናውያን አሻራ ነው። አብሮት የሚመጣው ችፕስ መረቁን መጥጦ ስለሚረጥብ ለብቻው እንዲመጣ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ከሩዝ ጋር ስለሚቀርብ በላዩ ላይ ቻውፋ (የተጠበሰ ሩዝ) መጨመር ሆድ መሙላት ብቻ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ።

አለርጂ ያለበት ካለ ከማዘዝ በፊት ይናገር። የተለመደው ሶያ ሶስ ስንዴ አለበት፤ የኦይስተር (ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ) ሶስና የዓሣ ሶስ አትክልት ብቻ በሚመስሉ ምግቦች ውስጥም ይገባሉ፤ ስለዚህ ሥጋና ዓሣ የማይበላም ይጠይቅ። የሮኮቶ ቃሪያ ኃይለኛ ነው፤ ማጣፈጫው ለየብቻ በትንሽ ሳህን ይቅረብ። ካቃጠላችሁ ውኃ አይረዳም፣ ማቃጠያው በውኃ አይሟሟምና፤ እርጎ ወይም ወተት ይሻላል።

ሒሳቡን ለየብቻ የምትከፍሉ ከሆነ ገና ስትቀመጡ ለአስተናጋጁ ንገሩት፤ ምግቡን እኩል አካፍላችሁ መጠጡን ግን እያንዳንዱ የራሱን ይክፈል።